በአጎቱ ቤት ያደገ ነጭ ወይን

ጋሪው ድንጋያማውን ቁልቁለት እየተንገጫገጨ ሲወርድ ቡሽ ሦስተኛውን ውሸት እያበጀ ነበር። የመጀመሪያው ውሸት ወይኑን መንገድ ላይ ፀሐይ መታው የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ዘንድሮ ፍሬው ራሱ መልኩን ቀይሮ በቀለ የሚል። ጋሪ ነጂው ሁለቱንም ሰምቶ፣ «አባባ፣ እኔ ቶሎ አማኝ ነኝ፤ ሚስቴ ትመስክር። ይኼን ግን እኔም አላመንኩት» አለ። ስለዚህ ሦስተኛ አስፈለገ።

ቡሽ የሽማግሌው ስም አይደለም። በጉልበቱ ዘመን የወይን ጠርሙስ ሲደፍን ስለኖረ ሰው ቡሽ አለው፤ ሲያረጅ የራሱን አፍ የሚደፍን ቡሽ ጠፋና ስሙ ለመሣቂያ ቀረ። ከበስተኋላው፣ ጭድ በተጎዘጎዘላቸው ሁለት እንስራዎች መካከል፣ ምራቱ ተቀምጣለች። መንገዱን ታያለች። ታየዋለች እንጂ ምን አየሽ ቢሏት መልስ አልነበራትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ናት። ዓይኗ ይሠራል፣ እጇ ይሠራል፣ ሲጠሯት አቤት ትላለች። ጎረቤቶቿ «ጎበዝ ናት፣ ቻለችው» ይላሉ። እሷ ምኑን እንደቻለችው አታውቅም።

የሚሄዱት ወደ አገረ ገዥው ግቢ ነው። አዲስ አገረ ገዥ በተሾመ ቁጥር የግቢው ባለሙያዎች ሹመት ሁሉ ይታገዳል። ዳቦ ጋጋሪው፣ ሥጋ አቅራቢው፣ ሻማ ሠሪው፣ ወይን ጠማቂው፣ እያንዳንዱ የእጁን ሥራ ይዞ በመጀመሪያው የምሳ ገበታ ይቀርባል። ገዥው የወደዱት ይጸናል፤ ያልወደዱት ይሻራል። ሻማውንም ይቀምሱታል ወይ ብሎ የጠየቀ እስካሁን የለም።

ለጠማቂ ሹመት ማለት ቤት ማለት ነው። ከወይን ማሳው ግርጌ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከሥሩ ያለው ምድር ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የተቀበሩት ጋኖች፣ ሁሉም የግቢው ንብረት ናቸው። ሹመቱ ከተሻረ ቤቱ ይለቀቃል። ያኔ ምራቲቱ ወንድሟ ቤት ትገባለች፤ የወንድሟ ሚስት ቀድማ፣ «ለሷማ ምን ጊዜም ቦታ አለን፤ ማድ ቤቱ ትንሽ ቢያፍንም» ብላ ነበር። ቡሽ የሚገባበት የለውም። የወለደው አንድ ነው፤ የአንዱ ቤት ደግሞ ያው ያ ነው።

ጠማቂው ልጁ የሞተው ባለፈው ለቀማ ላይ ነበር። ነጩ ፍሬ ተለቅሞ፣ ተረግጦ፣ ጋን ውስጥ ገብቷል። በሥራው ደንብ ነጭ ወይን ከተረገጠ ጭማቂው ወዲያው ከልጣጩ ይለያል፤ ልጣጩ ለከብት ይሰጣል፣ ጭማቂው ብቻውን ይፈላል። እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ወይን የሚገኘው እንደዚያ ነው። ያን ዕለት ግን የመጭመቂያው ብሎን ተሰብሮ አንጥረኛ ዘንድ ሄደና፣ ፍሬው ለአንድ ሌሊት ይቆይ ተብሎ ከነልጣጩ አደረ። ሲነጋ ጠማቂው እዚያው ጎን የሚፈላውን ቀይ ወይን ሊያገላብጥ ወረደ። የሚፈላ ወይን የሚተፋው ትንፋሽ አይታይም። እንደ ውሃ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሰው ጎንበስ ካለበት አያስነሳውም። ጎንበስ አለ። ምን ሊያነሳ እንደነበር አልታወቀም።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ወደ ምድር ቤቱ አልወረዱም። መፍላቱ ጸጥ ሲል አንድ ደግ ጎረቤት ወርዶ የጋኖቹን አፍ ከድኖ በጭቃ መረገና ወጣ፤ ክፍት ጋን ስለማይወድ እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ አላየም። ምራቲቱ፣ አባባ ሰው ቀጥረው አስጨምቀውታል ብላ አሰበች። ቡሽ ደግሞ፣ ልጄ ጎረቤት አስተባብራ አስጨምቃዋለች ብሎ አሰበ። መጠየቅ ይቻል ነበር። ለመጠየቅ ግን «ምድር ቤት» የሚለውን ቃል ከአፍ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ያንን ቃል እዚያ ቤት ውስጥ የሚያወጣው ጠፋ። «ታች» የሚለውም አብሮ ቀረ። ማንኪያ ከጠረጴዛ ሥር ቢወድቅ እንኳ «እዚያ ጋ አለልሽ» ነበር የሚባለው።

ዛሬ ጠዋት ወርዶ ሁለቱን እንስራ የቀዳው ጋሪ ነጂው ነው። ሲወጣ ክንዱ ላይ የተጣበቀ ነገር እያራገፈ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ከነልጣጩ ነው እንዴ የምትጠጡት?» አላቸው።

ቡሽና ምራቱ ተያዩ። እርስዎ አላስጨመቁትም? አላለችም። አንቺስ? አላላትም። በኩባያ ቀድተው ወደ ብርሃን ቢያወጡት ነጭ አይደለም፤ ቀይም አይደለም። የናስ ቁልፍ መልክ ነው፤ ያውም ብዙ የተለበሰ ካፖርት ላይ ያለ የናስ ቁልፍ። ቡሽ ቀመሰና ዝም አለ። ቡሽ ዝም ካለ ነገር አለ። እሷ አልቀመሰችም። ከዚያ ለቀማ ወዲህ ዳቦውም ውሃውም አፏ ውስጥ አንድ ስለሆነ መቅመስ ትታለች።

«ያዝኩት!» አለ ቡሽ፣ ጋሪው ሜዳው ላይ ሲደርስ። «የአያቴ ዘዴ ነው። አያቴ ነጭ ወይንን ከነልጣጩ ነበር የሚያፈሉት። የጥንት ጥበብ!»

«አያትዎ ጠማቂ ነበሩ?» አለ ጋሪ ነጂው።

«ጫማ ሰፊ ነበሩ። ግን አሁን ማን ሊጠይቃቸው ነው?»

ጋሪ ነጂው ጥቂት አሰበና፣ «ይኼኛው ይሻላል» አለ።

የግቢው በር ላይ ሳንጃ የሰካ ዘበኛ አስቆማቸው። «ከየት?»

«ከጠማቂው ቤት።»

«ጠማቂው የትኛችሁ ነው?»

ቡሽ ወደ ምራቱ ዞረ። ምራቲቱ ዘበኛውን አየችው። በመጨረሻ ጋሪ ነጂው በአለንጋው ወደ ኋላ ጠቆመና፣ «እንስራው ነው፤ ራሱን በራሱ ነው የጠመቀው» አለ። ዘበኛው እንዲህ ያለ ቀልድ የሚገባው ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ አሳለፋቸው።

ማድ ቤቱ ሰፊ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው በመዳብ ድስቶች የተሞላ ነው። ምግብ አብሳይዋ እጅጌዋን እስከ ብብቷ ጠቅልላ የበግ ሙዳ ምድጃ ላይ ታገላብጣለች። አምስት ገዥዎችን ያበላች ሴት ናት፤ ገዥ ሲሻር ምድጃዋን እንኳ አታጠፋም። አጠገቧ የጓዳው ሹም ቆሟል። ሹሙ ከአዲሱ ገዥ ጋር የመጣ የፈረሰኛ ሰው ነው፤ የማዕረጉን ጥብጣብ ገና ከትከሻው አልፈታውም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የፈረስ መኖ ሹም ነበር። «ሁለቱም ያው መብል ነው» ተብሎ ወደ ጓዳ ተዛወረ።

«ነጭ ወይን ነው፣ ጌታዬ» አለ ቡሽ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

ሹሙ በብርጭቆ አስቀዳና ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገው። «ይኼ ነጭ ነው? እኔ ነጭ ፈረስ ብዬ አዝዤ ይኼን ቢያመጡልኝ፣ ያመጣውን ሰውዬ ራሱን ነበር የምጭነው።»

«የአያቴ ዘዴ ነው፣ ጌታዬ። የጥንት…»

«ደግሞ ደፍርሷል።»

«የጥንት ነገር ይደፈርሳል፣ ጌታዬ። እኔን ይዩኝ።»

ምግብ አብሳይዋ ሣቋን በማንኪያዋ ሸፈነች። ሹሙ ግን አልሣቀም። «የቀድሞው የጓዳ ሹም ትተውልኝ የሄዱት ምክር አንድ ናት፤ ነጭ ሁሉ ቀዝቅዞ ይቅረብ። ጉድጓድ ውስጥ ይውረድ» አለ። ከእንስራው በገንቦ ተቀዳ፤ ገንቦውም በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ሲቆይ ዳቦ ጋጋሪው አምባሻ የሚያህል ፈገግታ ይዞ በአጠገባቸው አለፈ። እሱ ጸንቷል ማለት ነው። ሥጋ አቅራቢው ደግሞ ማንንም ሳያይ አለፈ።

ገንቦው ወጣ። ጎኑ ላይ ጤዛ አፍርቷል። በግቢው ደንብ ያመጣው ሰው አስቀድሞ ይጠጣልና ሹሙ ብርጭቆውን ለምራቲቱ ሰጣት። ጠጣች።

«እሺ? እንዴት ነው?»

«ቀዝቃዛ ነው» አለች።

ሹሙ ቀጥሎ በትልቁ ተጎነጨ። ፊቱ ከአገጩ ጀምሮ ወደ ላይ ተሰበሰበ። «ኧረ ድዴን ያዘኝ! ይኼ ወይን ነው ወይስ የፋቂ ቤት ውሃ? ኮርቻ የላስኩ ነው የመሰለኝ!» ብርጭቆውን ምድጃው ዳር አስቀመጠና አፉን በእጅጌው ጠረገ። «በሉ፣ አዝናለሁ። ይኼን ገበታ ላይ ካወጣሁ ነገ ወደ መኖዬ ነኝ። ውጭ ጠብቁኝና ሹመቱ እንደተሻረ ጽፌ እሰጣችኋለሁ።»

«አያቴ ግን…» አለ ቡሽ። ድምፁ ሳስቷል።

«እሺ፣ አያትህ ልጣጩን ስንት ጊዜ ነበር የሚያቆዩት?»

«ሁለት ሳምንት፣ ጌታዬ» አለ ቡሽ።

«ከለቀማ እስከ ዛሬ ጠዋት» አለች ምራቲቱ፣ በዚያው ቅጽበት።

የበጉ ስብ ብቻ እሳቱ ላይ ጠብ ይላል።

«ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ» አለ ሹሙ። «ማነው?»

«እሳቸው ናቸው» አለች።

ቡሽ ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። «እውነቷን ነው» አለ።

ከዚያ ነገረችው። ድምፅዋ ሳይወጣ፣ ሳይወርድ፣ የሰፈር ገበያ ወሬ እንደሚነግር ሰው ነገረችው። ብሎኑ መሰበሩን፣ ባሏ መውረዱን፣ ጎንበስ ማለቱን፣ አንዱ በሌላው ተማምኖ ልጣጩ መረሳቱን። ምግብ አብሳይዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሹሙ የት እንደሚያይ ጠፍቶት ግድግዳው ላይ ያሉትን ድስቶች ይቆጥር ጀመር፤ የሚያደርገው ያጣ እጁ ምድጃው ዳር የረሳውን ብርጭቆ አገኘና ወደ አፉ ወሰደው። ዋጠ። እጁ ባለበት ቆመ። ብርጭቆው ውስጥ ተመለከተ።

«ይኼ ሌላ ነው» አለ።

«ያው ነው» አለች ምግብ አብሳይዋ። «ምድጃዬ ዳር ረስተውት ቅዝቃዜው ለቆት ነው እንጂ።»

እንደገና ጠጣ፤ አሁን በትንሹ። «ይይዛል። አሁንም ይይዛል። ግን… ይዞ ዝም አይልም፤ ያወራል።» አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ ከተተ። ዓይኑ ተከደነ። «ጭድ። ጥሩ ጭድ፤ ዝናብ ያልነካው።»

«እስቲ ወዲህ» ብላ ምግብ አብሳይዋ ነጠቀችው። «የደረቀ ኮክ ነው። የብርቱካን ልጣጭ። ትንሽ ደግሞ የድሮ ቁም ሣጥን።»

«ቁም ሣጥን መልካም ነው?»

«ልብሱ ንጹሕ ከሆነ።»

ሹሙ በርጩማ ስቦ ከምራቲቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ። «ስሚ፣ እህቴ። ገበታው ሊቀርብ ነው። ገዥው ጠያቂ ናቸው፤ በጦር ሜዳ እንኳ ይጠይቁ ነበር። ‹ምንድነው ይኼ?› ሲሉኝ ሰው ሞቶ የተረሳ ወይን ነው ልላቸው አልችልም። እኔ የፈረስ ሰው ነኝ፤ ወይንን ከጠርሙሱ በላይ አላውቀውም። ከሀ ጀምሪልኝ።»

«እኔም ብዙ አላውቅም» አለች። «ሠሪው እሱ ነበር።»

«የምታውቂውን።»

ምራቲቱ እጇን አየች። «ነጭ ወይን ጭማቂው ብቻውን ይፈላል። ቀይ ወይን ከነልጣጩ ይፈላል፤ ቅላቱ ከልጣጩ ነው የሚመጣው። ይኼ…»

«ይኼ ነጭ ፍሬ ሆኖ እንደ ቀይ የተያዘ ነው» አለ ቡሽ፤ አፉን ይዞ መቆየት አቅቶት። «የነጭ ልጅ፣ የቀይ አስተዳደግ።»

«በአጎቱ ቤት ያደገ በሉት» አለች ምግብ አብሳይዋ።

«በአጎቱ ቤት ያደገ!» ሹሙ ጉልበቱን መታ። «ይኼ ይገባኛል። እኔ ራሴ አጎቴ ቤት ነው ያደግሁት፤ ጸባዬ ከዚያ ነው የመጣው። እሺ፣ ለምንድነው ድድ የሚይዘው?»

«ሻይ ቅጠል ውሃ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ምን ይሆናል?» አለች ምግብ አብሳይዋ።

«ይጠቁራል፤ አፍ ይይዛል።»

«ያው ነው። ልጣጩም ቆየ፤ ቀለሙንም መያዣውንም ሰጠው። ለዚህ ነው ቀዝቃዛ ውሃ ያልተስማማው። ብርድ መዓዛውን አስተኝቶ ምሬቱን ብቻ አስነሳብን።»

«እንግዲያው ጉድጓዱ ይቅር!» ሹሙ ተነስቶ እንደ ሠልፍ አዛዥ ጮኸ። «ሁለተኛው እንስራ በገንቦ ይቀዳ! አፉ ክፍት ሆኖ ይቆይ፤ አየር ያግኝ! ፈረስም ከጋጣ ሲወጣ ቶሎ አይጋለብም።» ወደ ምራቲቱ ዞረ። «ድፍርሱስ? ምን እላለሁ?»

«ስላልተጣራ ነው። ቢበላሽ ኮምጣጤ ይሸት ነበር።»

«አይሸትም። ጭድ ነው። ከምን ጋር ይሄዳል?»

ሁሉም ወደ በጉ ዞሩ። ስቡ እየነጠረ ነው። የምራቲቱ እጅ ብርጭቆውን አነሳ፤ ማንም አላዘዛትም። ለብ ያለውን ወይን ጠጣች። ምን ምን እንደሚል አልታወቃትም፤ ጭዱም ኮኩም አልመጣላትም። ድዷን ግን ያዛት። አጥብቆ ያዛት። በምላሷ ዳሰሰችው፤ አልለቀቀም።

«ከስብ ጋር» አለች። «ስቡ ያስለቅቀዋል።»

ሹሙ በጣቱ እየቆጠረ አጠና። በአጎቱ ቤት። ልጣጭ። ለብ ያለ። ስብ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ቆመ። በክፋት አልነበረም፤ ለከርሞ ስንት እስር ጭድ ይበቃል ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የጠየቃት። «ገዥው ከወደዱት በየዓመቱ ይፈልጉታል። እንዲህ እንዲሆን የግድ ሰው መሞት አለበት?»

ምግብ አብሳይዋ፣ «ኧረ በስመአብ! ሰውዬው!» አለች።

ምራቲቱ ግን ጥያቄውን እንደ ጥያቄ አሰበችበት። «የለበትም» አለች። «አለመጭመቅ ይበቃል።»

ምሳው ገባ። ሦስቱ፣ ምግብ አብሳይዋ፣ ቡሽና ምራቲቱ፣ ከማድ ቤቱ ወደ አዳራሹ በሚያሳልፈው በር ጀርባ ቆሙ። የሹካ ድምፅ ይሰማል። የወንበር ድምፅ ይሰማል። ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ «ይኼ ምንድነው?» አለ። ሹካዎቹ ጸጥ አሉ።

«ነጭ ወይን ነው፣ ክቡርነትዎ» አለ ሹሙ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ። «በአጎቱ ቤት ያደገ።»

ቡሽ የምግብ አብሳይዋን ሽርጥ ጨበጠ፤ የራሱ ኮት መስሎት ይሆናል።

«አጎቱ ማነው?»

«ቀዩ ነው፣ ክቡርነትዎ።»

አንድ ሣቅ ወጣ፤ የገዥው ነው። ወዲያው ገበታው ሁሉ ሣቀ። ሣቁ ሲያልቅ መጠጣት ተሰማ፤ ከዚያ፣ «አፌን ያዘኝ» የሚል።

«መጀመሪያ ይቆጣል፣ ክቡርነትዎ። በጉን ይቅመሱበትና ሁለተኛውን ይጎንጩ። ውስጡ ሻይ ቅጠል አለበት።»

«የለበትም!» አለ ቡሽ በሹክሹክታ፣ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ። «የለበትም፣ አንተ የፈረስ ሰው!»

አዳራሹ ውስጥ ቢላ ሥጋ ሲቆርጥ ተሰማ። ሁለተኛው ጉንጭ ረዘም ያለ ነበር። ከዚያም ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ በቀስታ። «ይገርማል» አለ ወፍራሙ ድምፅ። «ቅድም ያልነበረ ነገር አሁን መጣ። ድገምልኝ። ማነው የሠራው?»

ይኼ ጥያቄ ማድ ቤት ውስጥ አልተጠናም። ሹሙ እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጠማቂው ነው፣ ክቡርነትዎ።»

«ለምን አልቀረበም? ጋጋሪው እንኳ ዱቄቱን ሳያራግፍ ነው የመጣው።»

«ከምድር ቤቱ አይወጣም፣ ክቡርነትዎ።»

ቃሉ በበሩ ሥንጥቅ መጣ። ሁለቱ ያን ቃል ከሰው አፍ ሲሰሙ ከለቀማው ወዲህ ይኼ የመጀመሪያቸው ነው። ቡሽ ሽርጡን ለቀቀ። ምራቲቱ ፊቷ አልተለወጠም፤ ምላሷ ብቻ አፏ ውስጥ አሁንም ድዷን ይዳስሳል።

«እንዲህ ያለ ሰው ነው የምወደው» አለ ገዥው። «ደጅ የሚጠና ሞልቶኛል። ይጽናለት።»

ሹሙ ሲመለስ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቋል። በርጩማው ላይ ወደቀ እንጂ አልተቀመጠም። «ጸንቷል» አለ።

«ለማን?» አለች ምራቲቱ።

«ለባልሽ።»

ምግብ አብሳይዋ ከምድጃዋ ዞረች።

«ምን ላድርግ?» አለ ሹሙ። «ሞቷል ብል ሙት አይሾምም። ሌላ ጠማቂ ይምጣ ይላሉ፣ ቤቱም ይሄዳል። ስለዚህ አይወጣም አልኩ። ዋሸሁ?» ይህን የጠየቀው ቡሽን ነበር፤ ለውሸት ጉዳይ ባለሙያው እሱ መሆኑን ደርሶበታል።

«አልዋሹም፣ ጌታዬ» አለ ቡሽ። «እኛም ቤት እንደሱ ነው የሚባለው።»

«መኖሪያችሁ የእናንተ ነው። እስከ ሌላ ገዥ ድረስ ሹመቱ በስሙ ይቆያል፤ ወይኑን እናንተ ታቀርባላችሁ፣ እሱ አይወጣም። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚመጣው የጓዳ ሹም ይጨነቅበት።»

ቤቱ ቀረላቸው። ምራቲቱ ይህን አወቀች፤ እንደሌላው ነገር ሁሉ አወቀችው፤ ደስታውም እንደሌላው ነገር ሁሉ ከሩቅ ቆሞ አያት። «እግዜር ይስጥልን» አለች። መባል ያለበት ያ ነውና።

በሩ ተከፈተና አንድ ቀጭን ሰውዬ ገባ። አንገቱ ላይ የልኬት ጥብጣብ፣ ከንፈሩ ላይ መርፌ ይዟል። የግቢው ልብስ ሰፊ ነው፤ ከጋጋሪው ገና መጨረሱ ነበር። ሹመት የጸናለት ሁሉ የግቢውን ካፖርት ይለብሳል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሲያየው የማን እንደሆነ ያውቃል።

«ጠማቂው የታል?» አለ መርፌውን ሳያወጣ።

«አይወጣም» አለ ሹሙ።

«እንግዲያው እኔ ልሂድበት?»

«አይ! አይ፣ አትሂድበት። እንዲሁ ስፋለት።»

«ጌታዬ፣ እኔ ያለ ልክ ድንኳን እንኳ አልሰፋም። ገዥው ካፖርቱ ሳምንት ሳይሞላ ይድረሰው ብለዋል።» ሰውዬው ዙሪያውን ቃኘና ቡሽን አገኘ። «አባቱ ናቸው? በሳቸው ልለካ?»

ቡሽ ታዛዥ ሆኖ ቀና ለማለት ሞከረ። እጆቹን ከጎኑ ዘረጋ። ሰፊው ጥብጣቡን በሽማግሌው ጠባብ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

«በሳቸው አይሆንም» አለች ምራቲቱ።

ወደ ማድ ቤቱ መሃል ወጣችና ሁለት መዳፎቿን ከፊቷ፣ አየር ላይ፣ አራርቃ አቆመች። ትንሽ ጠበብ አደረገቻቸው። መልሳ አሰፋቻቸው። ከዚያ እጆቿ በቃ አሉ።

«ትከሻው ነው?»

«ትከሻው ነው።»

ሰፊው ጥብጣቡን ከአንዱ መዳፏ ወደ ሌላው ወጠረ። «ደልደል ያለ ሰው ነው።»

«ነው» አለች።

«ቁመቱስ?»

አንድ እጇን ከግንባሯ ከፍ አድርጋ በጠፍጣፋው ያዘች። ሰፊው ከመሬት ለካ። ምግብ አብሳይዋ ጀርባዋን ሰጥታ የበሰለውን በግ ደጋግማ ታገላብጣለች። ሹሙ የትከሻ ጥብጣቡን ይፈታል፣ ይቋጥራል።

«የደረቱን ዙሪያ ብቻ ነው የቀረኝ» አለ ሰፊው። «እሱን እንኳ በግምት…»

ምራቲቱ ክንዶቿን አንስታ ከፊቷ ክብ አድርጋ ዘጋቻቸው፤ የጣቶቿ ጫፎች ሊነካኩ ሲሉ ቆሙ፤ ሁልጊዜ እዚያ ጋ ነበር የሚቆሙት። አገጯ ትንሽ ቀና አለ። ሰፊው ጥብጣቡን በክንዶቿ ውስጥ በጥንቃቄ አዞረ፣ ልኩን አነበበ፣ መርፌውን ከከንፈሩ አወጣ።

«ጨርሻለሁ፣ እህቴ» አለ። «ክንድሽን ማውረድ ትችያለሽ።»

«ትንሽ ይቆዩ» አለች።